ጂራ ያሉኝ ሽማግሌ

የደን ልማት ሠራተኛ ሆኜ ነቀምቴ ስመደብ ኦሮምኛ አልችልም ነበር። የሸዋ ልጅ ነኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ምደባ ከወጣ ወጣ ነው፣ «አልሄድም» ብሎ ነገር የለም። ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር አንድ የጉራጌ ባለሱቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እሁድ እሁድ የራሴን ድምፅ እንዳልረሳ ብዬ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። የማነበው ሲያልቅብኝ የሳሙና መጠቅለያም አንብቤያለሁ።

በበጋው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ጨፌ፣ ክረምት ክረምት ረግረግ የሚሆን የሣር ሜዳ፣ ተቃጠለ። ለከብት አዲስ ሣር እንዲበቅል የተለኮሰ እሳት አምልጦ ነው አሉ። ነበልባሉ ሲከስም የተቃጠለውን ስፋት ለክቼ ቅጽ እንድሞላ ተላክሁ። የጨፌ ጥቁር አፈር ዘመን ያስቆጠረ የሣርና የሥር ብስባሽ ስለሆነ ራሱ ማገዶ ነው፤ ከላይ ጠፍቶ ከሥር ይነዳል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ተምሬም አልጠቀመኝም።

ጠዋት ጠዋት ሜትሬን ይዤ ስደርስ አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን ይዘው ከዳር ቆመው አገኛቸዋለሁ። ባለሱቁ ካስተማረኝ ጥቂት ቃላት አንዷን መዝዤ «ጂርቱ?» እላቸዋለሁ፤ ደህና ነዎት? ማለት ነው። እሳቸው በዘንጋቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «ጂራ፣ ኢንታላ ኮ» ይሉኛል። ደህና ነኝ፣ ልጄ ያሉኝ መሰለኝ። ልጄ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ከርሜ ነበር። አንድ ጠዋትማ መሬቱን እየደበደቡ «ጂራ! ጂራ!» ቢሉኝ፣ እንዴት ቢወዱኝ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ቅጹ ላይ «እሳቱ ጠፍቷል» ብዬ ፈረምኩ። በፊርማዬ ጨፌውን ይጠብቁ የነበሩት የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ወደየቤታቸው ተሰናበቱ።

በሳምንቱ የሽማግሌው በሬ ገመዱን በጥሶ ጨፌው ውስጥ ገባ። ደረቅ መሬት የሚመስለው ስስ ቅርፊት ነበር፤ ከሥሩ አፈሩ ነዶ ባዶ ሆኗል፣ ፍሙ ግን አልሞተም። ስደርስ የአካባቢው ሰዎች ጎትተው አውጥተውታል። እግሮቹ እስከ ጉልበቱ ተቃጥለው ስለነበር ከማረድ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ሽማግሌው ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው የሚያርሱበት ያው አንዱ ነበር። እርሻ ሊጀመር ደግሞ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል።

የሆነውን ለባለሱቁ ስነግረው ይዞት የነበረውን ሚዛን አስቀመጠ።

«ጂራ እኮ ‹አለሁ›ም ‹አለ›ም ነው» አለኝ። «መሬቱን እየመቱ ከሆነማ ‹እሳቱ አለ› ማለታቸው ነዋ!»

አለማወቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ሰው ርቦኝ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ሰላምታ አድርጌ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ረጅም ብረት ይዤ ጥልቀቱን መለካት ጀመርኩ። አለቃዬ «ጓዲት፣ ቅጹ ላይ ጥልቀት የሚል አምድ አለ?» አለኝ። የለም። በራሴ ደብተር ጻፍኩት። ዛሬ ወጣት ተመራማሪዎች ከእንዲህ ያለ እሳት ስንት ካርቦን ወደ ሰማይ እንደሚወጣ በኮምፒውተር ሞዴል ሲያሰሉ፣ የሚቸገሩት በዚሁ በጥልቀቱ ነው። ስፋቱ ከላይ ይታያል። ደብተሬን ስሰጣቸው ተደሰቱ፤ ለምን እንደጀመርኩት የጠየቀኝ የለም።

የመጀመሪያው ገጽ የተጻፈበትን ጠዋት አልረሳውም። ሽማግሌው ያለ በሬያቸው፣ ዘንጋቸውን ብቻ ይዘው መጡ። ሰላም ለማለት ድፍረት አጣሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ብረቴን እወጋለሁ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?»

ደህና ነሽ ወይ፣ ልጄ? አሁንም ልጄ አሉኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ያቺው ቃል ናት። ብረቱን መሬት ላይ መታ አድርጌ፣ «ጂራ» አልኳቸው።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የመለስኩላቸው ስለ እሳቱ ነበር። እኔስ ደህና አልነበርኩም።