በሸማኔው ልጅ ካርድ ላይ የጻፍኩት

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር ምስር መልቀም ነው። የሰኔ እሑድ ነበር፤ ኮልፌ ባለችው ቤታችን በረንዳ ላይ ሰፌዱን መሐላችን አድርገን ተቀምጠናል። እሱ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር፤ እኔ አንደኛ ክፍል።

አንዲት የሸማኔ ልጅ ክፍል እንድትደግም ካርዷ ላይ መጻፌን ነገርኩት። እሷና ቤተሰቧ ከጋሞ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። በዚያ ሰሞን፣ የብሔረሰቦች እኩልነት ይከበራል ከሚል መፈክር ሥር መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ አንድ ባልደረባዬ «የነሱ ደም ለሽመና እንጂ ለቀለም አይሆንም» ብሎ ነበር። እኔም ያንኑ ለባለቤቴ ደገምኩለት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺን አይቼ የጎጃም ሰው ሁሉ ግትር ነው ልበል?»

«እኔስ አንተን አይቼ የሸዋ ሰው ሁሉ ምስር ከነድንጋዩ ይለቅማል ልበል?»

ሳቀ። ቆይቶ ግን «ፈተናውን በምን ቋንቋ ነው የጠየቅሻት?» አለኝ።

«በአማርኛ ነዋ።»

«ከእናት ካባት የሚወረስ ነገር የለም አልልሽም። የአንድ እናት ልጆች እንኳ ይለያያሉ። አንቺ ግን እሱን አልለካሽም፤ አማርኛ ስትሰማ የኖረችበትን ጊዜ ነው የለካሽው። ነገ አስተካክዪው።»

እሺ አልኩት። ሰኞ ጠዋት ታመመ፤ ዐርብ ቀበርነው። ካርዱ የታደለው እኔ ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው።

ከአርባው በኋላ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። አባትየው ሽመናው ላይ ነበር፤ እሷ አጠገቡ ማግ ታጠነጥናለች።

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ» አለኝ። ከዚያ በቀስታ፣ «ከእንግዲህ አትማርም። ካርዱ አትችልም ብሏል። ልጄን ለምን ሰው ፊት ላሳፍራት?»

አማርኛም ጋሞኛም የምታውቅ ጎረቤታቸውን ጠርቼ የፈተናውን ሒሳብ አንድ በአንድ እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት። ልጅቷ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች። የሳተችው አንዱን ብቻ ነው። አባትየው እጁን ከመወርወሪያው አንሥቶ ያዳምጥ ነበር።

በማግስቱ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ለዳይሬክተሩ ሰጠሁ።

«በእርስዎ እጅ የተጻፈ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ስለዚህ ነው በእኔው እጅ የሚሰረዘው» አልኩት።

መስከረም ላይ ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ያን ቀን ቤት ስደርስ የምነግረው ሰው አልነበረም።

አሁንም አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። አማርኛ ያልለመደ ልጅ ሲመጣ፣ ካርዱ ላይ ከመጻፌ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አስጠይቀዋለሁ።