ሁለት ካርድ ይዘው የመጡት እናት

በአምበር አቅራቢያ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ አስተምር በነበረበት ጊዜ የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ተመደብኩ። በምዝገባው ሰሞን ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ ገበሬ፣ ሳል እያጣደፋቸው፣ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ከባለቤታቸው ጋር መጡ።

«አባባ፣ እንዲህ አሞዎት ለምን ተቸገሩ?» አልኳቸው።

«ስለ መሬቴ ስንት ጊዜ አቤት አልኩ፤ የሰማኝ የለም። አንድ ብሎ የሚቆጥረኝ ካለ ብዬ ነው።»

ምርጫው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው አረፉ። ከቀባሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

በምርጫው ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ያካፋ ነበር። ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው፣ ሰልፉን ጠብቀው፣ መዝገቡን ከያዝኩት ከእኔ ፊት ደረሱ። ሁለት የምርጫ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አንዱ የኔ ነው፤ አንዱ የሱ።»

«እማማ፣ በሌላ ሰው ካርድ መምረጥ አይቻልም።»

«ሌላ ሰው? አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ? ማንን እንደሚመርጥ ነግሮኛል፤ የሙት ቃል ነው።»

ታዛቢዎቹ ቀና አሉ። ሕጉ እንደማይፈቅድ ለእማማ ደግሜ ነገርኳቸውና የሟቹን ስም ከመዝገቡ ላይ ሰረዝኩ። እሳቸውም እያዩኝ ነበር።

«ሰረዝከው?»

«አዎ፣ እማማ።»

ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ወረቀታቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከከተቱ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «የሱን አድርሼለታለሁ፤ የኔው ቀረ» አሉኝ።

«ምስጢር ነው፤ አይንገሩኝ» አልኳቸው።

ለተዝካሩ ስሄድ ውጤቱ ተለጥፎ ሰንብቶ ነበር። የሟቹ ባለቤት አጠገቤ ተቀምጠው የመረጡትን ምልክት ነገሩኝና፣ «የሱ ሰው አለፈ?» አሉ።

«አላለፈም።»

«እርስዎስ ማንን ፈልገው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አሉና እንግዶቻቸውን ሊያስተናግዱ ተነሡ።

የሟቹን ድምፅ መከልከሌ አይቆጨኝም፤ ሕጉ ነው። ነገር ግን ከመጋረጃው ጀርባ ከመግባታቸው በፊት «ይህቺ አንዷ የእርስዎ ናት፤ ልብዎ ለፈቀደው ይስጡ» ብዬ መንገር እችል ነበር። የሟቹን በመሰረዜ፣ የእሳቸውን ይህን ባለመንገሬ፣ በአንድ ቀን የሁለት ሰው ድምፅ እጄ ላይ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ፤ ዳግም አልተያየንም።