ከበርሜሉ ሥር የተውኳት እንጨት

ይህንን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ በየጾሙ እየሄድኩ ሰው ማማቴን፣ ሰንበት መሻሬን፣ በደንበኛ ላይ መቆጣቴን ሁሉ ዘርዝሬ፣ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እያልኩ ተመልሻለሁ። ሌላማ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው እንጂ።

ያደረግሁት ሲነገር ትንሽ ነገር ነው። የገዛ ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ፣ ጠመንጃውን እንድሠራለት አምኖ ሰጠኝ፤ እኔም አበላሸሁበት። አውቄ ነው ያበላሸሁት። እጄ ስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም የተበላሸው ጠመንጃው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር።

እኔ መካኒክ ነኝ። እዚህ ፈረንጅ አገር የምሠራው ቤልትስቪል፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታናሼ ደረጀ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፤ ያን ጊዜ ቀን ሆቴል እየሠራ ማታ ማታ ነርሲንግ ይማር ነበር። አባታችንን ፕሮሰስ አድርጌ፣ ግሪን ካርዳቸውን አስጨርሼ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። የኖሩትም እኔ ቤት ነው። ለሐኪም አፖይንትመንት ከሥራ እየቀረሁ የምወስዳቸው እኔ፣ መድኃኒታቸውን ከፋርማሲ የማነሳው እኔ፣ ቅዳሴ የማደርሳቸው እኔ። እሳቸው ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሳሎን ይጠብቁኛል። «ደረጀ ጋ አትወስደኝም?» ይሉኛል፣ ገና የሥራ ጫማዬን ሳላወልቅ። እወስዳቸዋለሁ። ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዞን እንኳ ስለ ደረጀ ነው የሚያወሩት። ቆሽቴ ያራል።

አባባ በአገራቸው በጎጃም አልመው የሚመቱ፣ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ላይ ስማቸው የሚነሳ ሰው ነበሩ። ከአያታችን የወረደ አንድ ጠመንጃ አላቸው፤ ሲመጡ አጎታችን ዘንድ አስቀምጠውታል። በእኛ ቤት ያ ጠመንጃ ለበኩር ተብሎ አይሰጥም። አባት «ይህኛው ልጄ ይይዘዋል» ላለው ነው የሚሰጠው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ለአንድ አሮጌ ጠመንጃ መንገብገብ ምን ይሉታል ትሉኝ ይሆናል። ጠመንጃውን አይደለም የፈለግሁት። ያን ቃል ነው የፈለግሁት። አባቴ «አንተ» ሲሉኝ መስማት ነው የፈለግሁት።

ደረጀን የሥራ ባልደረባው ነው ቨርጂኒያ ካለ የዒላማ ተኩስ ክለብ የወሰደው። ባለ ሃያ ሁለት የሚሏት፣ ጥይቷ ከባቄላ የማትበልጥ፣ ራሷ የምትጎርስ ትንሽ ጠመንጃ ገዛ። ወሬው አባባ ጆሮ ሲደርስ ይዤያቸው ካልሄድኩ እንቅልፍ ነሱኝ። ወሰድኳቸው። ደረጀ ተኝቶ ይተኩሳል፣ አንዷ ጥይት በሌላዋ ቀዳዳ ትገባለች። አባባ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመው አዩና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይኸ የእኔ እጅ ነው» አሉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጭኔን መታ አድርገው ሳቁ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። አንዱን ተኳሽ፣ አንዱን ቀጥቃጭ አድርጋ ወለደችልኝ» አሉኝ። ቀልዳቸው ነው። ቀጥቃጭ በአባቴ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን ያውቀዋል፤ ማረሻ ያሠሩታል፣ ልጃቸውን አይድሩለትም። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሳቅሁት በጥርሴ ነው። በዚሁ በሚቀጠቅጥ እጅ አይደል እንዴ እዚህ ድረስ ያመጣኋቸው? ለማን ልንገር ይህን? ለማንም አልነገርኩም። ቀናሁ። በታናሼ ቀናሁ፣ ጡጦ ይዤ ባሳደግሁት ልጅ።

በመኸር ክለቡ ውድድር ነበረው። ደረጀ አንድ ቀን ኮል አደረገኝ። «ጋሼ፣ ወፍራም በርሜል ገዛሁ። ቀጭኑን አውጥተህ እሱን ትገጥምልኛለህ? ከአንተ ሌላ ማንም እንዲነካው አልፈልግም» አለኝ። በርሜል የሚሉት ጥይቱ የሚወጣበትን የብረት ቱቦ ነው፤ ወፍራሙ ከባድ ስለሆነ እጅ ላይ አይንቀጠቀጥም፣ ሲተኮስበትም ቶሎ አይግልም፤ የዒላማ ሰዎች ለዚህ ነው የሚወዱት። እሺ አልኩት። በዚያው ሰሞን አባባ እራት ላይ፣ «ደረጀ በዚህ ውድድር ከመታ ለአጎታችሁ እደውላለሁ፤ ጠመንጃዬ የሱ ነው» አሉ። የቀረውን እንጀራ ሳልነካ ከማዕድ ተነሳሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጠፈልኝ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አየን። ሥራው ከባድ አይደለም። በርሜሉን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ብሩጎላ በሚሉት ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይፈታሉ፣ ቀጭኑ ይወጣል፣ ወፍራሙ ይገባል፣ መልሰህ ታጠብቃለህ። ችግሩ እንጨቱ ላይ ነው። በርሜሉ የሚተኛበት ቦይ ለቀጭኑ ነው የተቦረቦረው፤ ለወፍራሙ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ ማስፋት ያስፈልጋል። በደንብ የተሠራ እንደሆነ አንዲት ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትያዝ ታልፋለች። ብረቱ እንጨቱን መንካት የለበትም።

ፈገፈግሁ። ደረጀ ፓስታ እየሠራ ስለ ትምህርቱ ያወራኛል፣ ሊጨርስ ምን ያህል እንደቀረው፣ ነርስ ሲሆን አባባን ከእኔ ወስዶ እንደሚያሳርፈኝ። «አንተም ደክሞሃል እኮ ጋሼ» አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እጄ ወደ አፈሙዙ ጠጋ ብሎ በቦዩ ግራ በኩል ሳትፋቅ የቀረች አንዲት የእንጨት እብጠት አግኝቶ ነበር። የሽንብራ ክክ አታክልም። ሁለት ሦስት ጊዜ ፋቅ ባደርጋት ትጠፋ ነበር። ተውኳት። ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ከብረት ጋር ስኖር ዕድሜዬ አልቋል። በርሜሉ ቀዝቃዛ ሳለ ጥይቱ መሃል ይገባል። እየጋለ ሲሄድ ብረቱ ያቺ እንጨት ላይ ይጫናል፣ እሷም ትገፋዋለች፣ ጥይቱም ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ያየ ሰው ጠመንጃውን አይጠረጥርም። ተኳሹ የፈራ ነው የሚመስለው።

ገጥሜ ስጨርስ በቀኝ በኩል ወረቀቷን አሳለፍኩለት። በግራ በኩል አላሳለፍኩም። እሱም አልጠየቀኝም። ለምን ይጠይቀኛል? ወንድሙ ነኝ። ፓስታውን በላሁ። እጄን ታጠብኩና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ተነሳሁ።

ከውድድሩ በፊት ሥራና ትምህርት ይዞት ብዙ አልተለማመደም። ጥቂት ጥይት ሞከረ፣ ሁሉም መሃል ገባ። ደስ ብሎት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ» አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። «እስቲ መልሼ ልየው» ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም።

በውድድሩ ቀን አባባ ሱፋቸውን ለበሱ። ደረጀ ሲጀምር እንደ ልማዱ ነው፣ ሁሉም መሃል። አባባ ወገባቸውን ይዘው ቆመው መፎከር ብቻ ነበር የቀራቸው። ከዚያ ጥይቱ መሸሽ ጀመረ። ትንሽ ወደ ቀኝ። ደግሞ ትንሽ። ደረጀ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ፣ ወደ አባባ ዞሮ አየ። እንደገና ተኮሰ፣ የባሰ ሸሸ። ከዚያ በኋላ እጁ በእውነት መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ዒላማውን አላየሁም። የአባቴን ፊት ነበር የማየው። ኩራቱ ከፊታቸው ሲወርድ እያየሁ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ሌላ ስም አላገኝለትም።

ደረጀ ዕቃውን ይዞ ከኋላችን መድረሱን አላዩም መሰለኝ፣ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሲጀምር ወንድ ነው። ሲከብድበት ልቡ ይከዳዋል» አሉ። ዞር ስል ደረጀ ሰምቷል። አንገቱን ደፍቶ ጠመንጃውን ወደ ቦርሳው ከተተ። ይህን ያህል አላሰብኩም ብል ደስ ባለኝ። ግን ከዚህ ሌላ ምን አስቤ ነበር?

መኪና ውስጥ አባባ ወደ እኔ ዞር አሉና «ጠመንጃዬ ያንተ ነው፤ ቀስ ብለህም ቢሆን የማታወላውለው አንተ ነህ» አሉኝ። ቀይ መብራት ሲያስቆመን ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ ልቤ ሲዘል ነበር።

በሳምንቱ ደረጀ ትንሿን ጠመንጃ ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ። «ውሰደው ጋሼ። እኔ መጨረሻ ላይ እፈራለሁ፣ አባባ አውቀውኛል» አለኝ። ተቀበልኩት። ቤዝመንት ወርጄ በርሜሉን ፈትቼ ያቺን እብጠት ፍቄ አጠፋኋት። ክለብ ሄጄ ተኮስኩበት፤ ሁሉም መሃል ገባ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝ። ከመጀመሪያው ይህኛው ይብሳል። በመጀመሪያው ቀን ቅናት አሳውሮኝ ነበር እንበል። በዚህኛው ቀን ዓይኔ ተከፍቶ ነበር።

ደረጀ ነርሲንጉን ጨረሰ፤ ነርስ ሆኖ ለመሥራት የሚያበቃው የላይሰንስ ፈተና ሲቃረብ ግን ተወው። «ለፈተና ብቀመጥም እዚያ ስደርስ ልቤ ይከዳኛል ጋሼ። አውቀዋለሁ ራሴን» አለኝ። ከአባባ አፍ የወጣውን ቃል ነው መልሶ የነገረኝ። እኔ ምን አልኩት? «የሚሻልህን አንተ ታውቃለህ» አልኩት። ዛሬም ያው ሆቴል ነው የሚሠራው። አንዲት ልጅ ሊያገባ ነበር፣ እሷንም «ለቁም ነገር አልሆንም» ብሎ ሸኛት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባባ ታመው ሆስፒታል ተኙ። በመጨረሻው ሰሞን ሁለታችንም አልጋቸው አጠገብ ነበርን፤ ደረጀ እግራቸውን ያሽላቸዋል። እጄን ያዙና «ወንድምህ ልበ ስስ ነው። አደራህን፣ አንተ ጠብቀው» አሉኝ። ደረጀ ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ናቸው ማለቱ ነው። አሁን ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገብቶኛል። አፌን ከፈትኩ። «እሺ አባባ» አልኩ። በማግስቱ አረፉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ዘንድ አልጠራም፤ እያደር ጨለመ። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፣ እናንተን አልበደልኩም። ቅናቱ ነው፣ የአባቴ ቃል ነው ብዬም አላመካኝም፤ ስንቱ ልጅ ቀጥቃጭ ተብሎ የወንድሙን ልብ ሳይገድል ይኖራል። ይህን ጽፌ ስጨርስ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ለደረጀ አነብለታለሁ።

እንዳይቆጣኝ አልፈራም፤ ይቆጣኝ፣ በሩንም ይዝጋብኝ። የምፈራው እንዳያምነኝ ነው። አውቀዋለሁ ወንድሜን፤ አቅፎኝ «ተው ጋሼ፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ ራስህን አትወንጅል፣ አባባንም ውሸታም አታድርጋቸው» ይለኛል። ከሞተ አባት ቃልና ከእኔ ቃል የማንን ያምናል? እንጨቷን ላሳየው እንዳልል በገዛ እጄ ፍቄ፣ ዱቄቷን ጠርጌ ጥያታለሁ።