ልጄ «ማንም አልረዳኝም» ማለት አቃታት

ዛሬ ከሰዓት ልጄ ፎዚያ ስልኬን እንደያዘች ድንገት ማልቀስ ጀመረች።

የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከሌላ አገር ልጆች ጋር በእንግሊዝኛ ድርሰት ልትወዳደር ጽፋ ጨርሳለች፤ የመላኪያው ጊዜ ዛሬ ያበቃል።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«አባ፣ መጨረሻው ላይ ‹ስጽፍ ማንም አልረዳኝም› የሚል አለ። እሱን ካላረጋገጥኩ አይሄድም። እማ ረድታኝ የለ እንዴ? እንዴት ብዬ ልዋሽ?»

እናቷ ወደ አኼራ ከሄደች ቆየች፤ አላህ ይዘንላት። ከገራዶ ያመጣችውን አትክልት ደሴ ገበያ ሸጣ ስትመለስ ፎዚያን አጠገቧ አስቀምጣ «ዛሬ ምን አየሽ?» ትላት ነበር። ልጅቷ ቶሎ ከጨረሰች «ሰውየው ምን ለብሶ ነበር? ምን ብሎ መለሰልሽ?» እያለች እንደገና ታስጀምራታለች።

እኔ «ኧረ ተያት፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?» ስላት «አብሽር፣ አንተንም እመረምርሃለሁ» ብላ ትስቃለች። ያ ሳቋ ዛሬ በጣም ናፈቀኝ።

ስምንተኛን ያልጨረስኩ ሰው ምን ልበላት? አጠገቧ ተቀመጥኩና «ልጄ፣ እነሱ የሚጠይቁሽ ማን ጻፈው ብለው ነው። የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እናትሽ ያስተማረችሽማ ያንቺው ሆኗል፤ ውሸት የለበትም» አልኳት።

እንባዋን ጠርጋ «ቢስሚላህ» ብላ ላከችው። ኔትወርኩም ለዛሬ እንኳ አዘነልን!

ታሸንፍ አታሸንፍ አላህ ያውቃል።

እናንተስ፣ ያያችሁትን መናገር ማን አስተማራችሁ? በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት። ከሌለ ዱዓ አድርጉለትና ስለ እሱ እዚህ ጻፉልን፤ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።