ሙዝ ያፈራው የብርቱካን ቅርንጫፍ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሬያለሁ። አንድ ሰሞን በክርስቶስ ስለ መኖር የማስተምርበት ተራ ደረሰኝና፣ ከግንዱ የተለየ ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚደርቅ ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግሁ። ጎረቤቴ ሐጂ ግቢያቸው ውስጥ የብርቱካን ዛፍ አላቸው። ሄጄ አንድ ቅርንጫፍ ለመንኋቸው።

«ውሰድ ልጄ። ለምንህ ነው?»

«እንዲደርቅልኝ ነው ሐጂ።»

«ለማገዶ?»

«ለትምህርት።»

«ሱብሃነላህ! የተቆረጠ እንጨት መድረቁን ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል?» አሉና ቆርጠው ሰጡኝ።

ቅርንጫፉን አዳራሹ ጥግ፣ አሸዋ በሞላሁት ጣሳ ውስጥ አቆምሁት። «የሚቀጥለው እሑድ የሚሆነውን ታያላችሁ፤ ከዚያ ስለ ትዕግሥት እንማራለን» ብዬ ተማሪዎቼን አሰናበትሁ።

በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አዳራሹ ስገባ እልልታ ተቀበለኝ። የቅርንጫፉ ቅጠል ጠውልጎ ተንጠልጥሏል፤ ነገር ግን ሰባት ብርቱካን፣ ሁለት ሎሚና አንድ ሙዝ አፍርቷል። ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ተአምር ነው!» እያሉ ያለቅሳሉ። ሌላዋ ለታመመች እህቷ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ቀረብ ብዬ ሳይ ፍሬው ሁሉ በነጭ ክር ታስሯል።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

የግቢው ጥበቃ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ በሩ ሥር ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ መምህር። ትናንት ባየው ደርቋል። ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው። ብርቱካኑ ቢያንስብኝ ሙዝ ጨመርሁበት።»

ጮኽሁባቸው። እዚያ ግቢ ውስጥ የማይባለውን ሁሉ አልሁ። ትንፋሽ አጥሮኝ ሳቆም አንዲት ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ስለ ትዕግሥት ያሉን የዛሬው ትምህርት አለ ወይስ ተራዝሟል?»

በማግስቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳቃቸው አሸንፏቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆዩ። ከዚያ በድንገት፣ «ለመሆኑ አንተ ከቆረብህ ስንት ጊዜህ ነው?» አሉኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብሁት በልጅነቴ ነበር። ስለ ቅዱስ ቁርባን ግን ሦስት ጊዜ አስተምሬያለሁ።

«ልጄ፣ ትሕትናህንም ፈገግታህንም እስከ ዛሬ በክር ነው ያሰርኸው። እያየሁ ዝም ማለቴ የእኔም ጥፋት ነው። ከክርስቶስ ጋር ሳትኖር ፍሬውን ከየት ልታመጣው?»

ጥበቃውን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። «ይተዉ መምህር፤ እኔም ብሆን ሙዙን አብዝቸዋለሁ» አሉኝ። ተቃቅፈን ሳቅን።

ንስሐዬን ፈጽሜ ከባለቤቴ ጋር ቆረብን። ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን ቀስ እያልን ስንመለስ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው ገፍትሮኝ አለፈ። ጎንበስ ብዬ መንገድ ለቀቅሁለት። አለመቆጣቴን ያወቅሁት ቤት ከደረስን በኋላ ነው። በጣም ገረመኝ። ለባለቤቴ ነገርኋት፤ እናቴ ዘንድ ደውዬም ነገርኋት። ለወንድሜም ልደውል ስል ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«እጅህን ታጠብና ብላ» አለችኝ።