በጾም የማይከፈተው የወፎች ክፍል

ስልኩ የተደወለው በሁዳዴ፣ ጅግጅጋ ከቅዳሴ ስመለስ ነው። የአክስቴ ልጅ ከጎባ፣ «አጎታችን ዐረፉ» አለኝ። እንባዬን ሳልጠርግ፣ «ወፎቹን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ክፍሉን ራሳቸው ከፍተው ለእንግዶች አስረክበዋል» ሲል ጨመረበት። ማን ጠየቀው?

አጎቴ በጓሮ ባለው ክፍላቸው የደረቁ ወፎች አሰናድተው ያስጎበኙ ነበር። አንድም ወፍ አልገደሉም፤ በሳነቴ መንገድ መኪና የገጫቸውን ሾፌሮች ያመጡላቸዋል። አንዱ፣ «አባባ፣ ዛሬ ንስር ገጨሁልዎ!» ሲላቸው፣ «ለእኔ ብለህ ነው እንዴ? ቀስ ብለህ ንዳ!» ብለው ተቆጡት። ከዚያ ቆዳውን ገፈው፣ ጥጥና ጭድ ሞልተው፣ ሊበር የተነሣ አስመስለው አቆሙት።

ጾም ሲገባ ግን ክፍሉ ይቆለፋል። «የወፍ ሥብ በነካ እጄ ቅዳሴ አልገባም» ይሉ ነበር። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቢለምናቸው እንኳ ሻይ ጋብዘው፣ «ለፋሲካ ተመለስ» ብለው ይሸኙታል።

ታዲያ በሁዳዴ እንዴት ከፈቱት? የአክስቴን ልጅ ስጠይቀው፣ «አርጅተው ነበር እኮ፣ እትዬ፤ ጾም መሆኑን ረስተው ይሆናል» አለኝ። በሕመማቸው እንኳ ወተት አልቀምስም ያሉ ሰው! ሰው መጠርጠር ኃጢአት ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አላመንኩትም። ክፍሉ ውስጥ አሁን ያለው ባዶ መደርደሪያ ብቻ ነው አሉ።

ያስታመማችኋቸው ጎረቤቶች፣ ለቅሶ ቤትም የነበራችሁ፣ እባካችሁ፤ አጎቴ ያንን በር ሲከፍቱ በዓይኑ ያየ ካለ ይንገረኝና ልረፍ። ያየ ከሌለ ግን ወፎቹ በማን መኪና ተጭነው እንደወጡ ንገሩኝ።