አዲሱ ሹፌራችን

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት መኪና ማለት ነጩ ላንድክሩዘር ነበር። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም ወንበሮች ነበሩት። ወለሉ ላይ የጤፍ ብናኝ አይጠፋም፤ በሩ ሲከፈት የናፍጣ፣ የጆንያና የእርጥብ አፈር ሽታ አብሮ ይወጣል። አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነበር። ገበያ ለገበያ እየዞረ ከሉማሜ፣ ከደጀን፣ ከቁይ ጤፍና ስንዴ ይገዛል። ትምህርት በሌለበት ቀን እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ስንመለስ መንገድ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ሁሉ ይጫናል፤ ቄስ ከነጃንጥላቸው፣ ባልቴት ከነዶሮአቸው፣ ደብተሩን በላስቲክ የጠቀለለ የቆሎ ተማሪ። «ሞልቷል» ሲባል አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

መሪውን የሚይዘው ግን አባቴ አልነበረም። አባቴ መንዳት አይችልም። የሚነዳው ጋሼ ይበልጣል ነበር፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የአባቴ ሹፌር። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ፎጣ የሚጠመጥም ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ በር ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ያገኘናል፤ ጓደኞቼን ሁሉ ከኋላ ይጭንና ከተማውን አንዴ አዙሮ በየቤታቸው ያወርዳቸዋል። የእኔ ዕድሜ የሆናችሁ የማርቆስ ልጆች ታውቁት ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ በቤት መኪና ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ደግሞ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። ከላንድክሩዘሩ ስወርድ ቀስ ብዬ ነበር የምወርደው፤ ሁሉም እንዲያየኝ።

አምስተኛ ክፍል በገባሁ ዓመት አባቴ በኪራይ የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ የላከው እህል ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሰው አልተጎዳም፤ እህሉ ግን ገደል ገብቶ ቀረ። ቤት ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ ያወራ የለም። ነገር ግን መጀመሪያ ከሁለቱ መጋዘኖች አንዱ ተዘጋ፤ ቀጥሎ እናቴ ሥጋ የምታስመጣው በበዓል ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ላንድክሩዘሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሰማያዊ፣ ትንሽዬ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት አሮጌ ፊያት ቆማ አገኘሁ። ላንድክሩዘሩ የቆመበት መሬት ላይ የቀረው የዘይት ጥቁረት ከእሷ ይሰፋ ነበር።

«ይቺ ነዳጅ በማሽተት ነው የምትሄደው» አለ አባቴ፣ ኮፈኗን መታ መታ እያደረገ። «ለእኛ መች አነሰች?»

እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፈገግ አለች። እኔ ግን ወደ ቤት ገባሁ።

መኪናዋ ብቻ ብትሆን ኖሮ ምናልባት እለምዳት ነበር። አባቴ ለሹፌር የሚከፍለው ስላልነበረው ራሱ መንዳት ሊለምድ ግድ ሆነበት፤ የሚያስተምረውም ጋሼ ይበልጣል ሆነ። ያኔ ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ሰውየው ራሱ ከሥራ የሚወጣበትን ትምህርት ነበር የሚያስተምረው። እሱ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፎጣውን ጠምጥሞ ይመጣል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ይሄዳሉ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

«ፍሪሲዮኑን ይርገጡ። አሁን ማርሽ ያስገቡ። ቀስ ብለው ይልቀቁት፣ ቀስ» ይላል ጋሼ ይበልጣል።

መኪናዋ እንደ ተደናገጠች ፍየል ትዘላለች፤ ሞተሩ ይጠፋል። አባቴ በጆንያ ሙሉ እህል እጁን ከቶ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ የሚናገር ሰው ነበር። እዚያች መኪና ውስጥ ግን ግንባሩ በላብ ይርሳል፤ መሪውን ሊያመልጠው እንደሆነ ነገር ጨምቆ ይይዛል። ሜዳው ላይ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ቆመው ያዩናል። እኔ ወንበሩ ሥር ዝቅ እላለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሼ ይበልጣል «ከተማ ውስጥ ይሞክሩት» አለ። የመጀመሪያው ቀን ከትምህርት ቤት እኔን መውሰድ ሆነ።

የትምህርት ቤታችን በር ዳገት ላይ ነው። ዝናብ ዘንቦ አባርቷል፤ የባሕር ዛፍ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ከሄለን ጋር በር ላይ ቆሜ ነበር። ሄለን በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት፤ አባቷ ወደ ማርቆስ በሥራ ተዛውሮ ነው። ጫማዋ ጭቃ አይነካውም። ጓደኛዬ እንድትሆን በጣም እፈልግ ነበር፤ ስለ ላንድክሩዘሩም ብዙ ነግሬአታለሁ፤ መሸጡን ግን አልነገርኳትም። በዚህ መሃል ሰማያዊዋ ፊያት ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። ፊታችን ደርሳ ሞተሯ ጠፋ። አባቴ አስነሳት፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተችና እንደገና ጠፋች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠፋ በሩ ላይ የቆሙት ልጆች በሙሉ ሳቁ። አጠገቡ የተቀመጠውን ጋሼ ይበልጣልን ሁሉም ያውቁታል፤ መሪውን የያዘውን ሰው ግን ሄለን አታውቀውም።

«ሰውዬው ማነው?» አለችኝ።

መስኮቱ ክፍት ነበር። በእኔና በአባቴ መካከል ሁለት እርምጃ አይሆንም።

«አዲሱ ሹፌራችን ነው» አልኳት።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እጁ ማርሹ ላይ እንዳለ ቀረ። ሄለን ጋሼ ይበልጣልን ተመለከተች፤ እውነት እንደሆነ ከእሱ ለመስማት የፈለገች ይመስላል። ጋሼ ይበልጣልም መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«አዎ የኔ ልጅ፤ እኔ ልሄድ ስለሆነ እያለማመድኩት ነው» አላት።

እያለማመድኩት አለ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። ጋሼ ይበልጣል አባቴን ከ«እርስዎ» በታች ጠርቶት አያውቅም፤ በሌለበት እንኳ «እሳቸው» ነበር የሚለው። ከመኪናው ወርዶ የፊቱን ወንበር ለእኔ እያጠፈልኝ «በል እንግዲህ፣ አስነሳት» አለው። አባቴም ታዘዘ። መኪናዋ በዚያ ጊዜ ሳትጠፋ ተነሳች።

ማዞሪያውን አለፍን። ከዚያ ጋሼ ይበልጣል አንገቱ ላይ ያለውን ፎጣ እየነካካ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ አንዳርጌ» አለ።

«ምን ይቅርታ ያሻዋል» አለ አባቴ። «ዳገቱን እንዴት አየኸኝ?»

«ደህና ነዎት። ፍሬኑን ቶሎ አይልቀቁት እንጂ።»

ለእኔ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት እስክንደርስ የአባቴን ማጅራት እያየሁ፣ ይቅርታ ልለው ደጋግሜ አስቤ፣ ደጋግሜ ተውኩት። ሳምንት ቆይቶ ጋሼ ይበልጣል እቃውን በአንድ ቦርሳ ይዞ ወደ ደጀን ሄደ፤ የጭነት መኪና ላይ ሥራ አግኝቶ ነው። ሲሰናበተኝ ግንባሬን ሳመኝና «አባትሽን አደራ» አለኝ።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። እናቴ አራስ ነበረች፤ ወንድሜ ከተወለደ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ከደረጃ እንደገባሁ አስተማሪዬ ቀድማ ነግራኝ ነበርና አባቴ እንደሚሄድልኝ በቤቱ ታወቀ። ጠዋት እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ ቡናማ ኮቱን ራሷ ተኮሰችለት። ጢሙን ተላጭቶ፣ የሠርግ ጊዜ ብቻ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ እየነዳ ወሰደኝ። መንጃ ፈቃዱን አግኝቷል፤ ዳገቱንም ሞተር ሳያጠፋ ወጣው። በሩ ላይ አወረደኝ። ሄለንና እናቷ ሲገቡ አያቸው።

«ግቢ፣ መኪናዋን ላቁማት» አለኝ።

ገባሁ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ወላጆች ከፊት፣ እኛ ከኋላ ተቀምጠናል። ዘፈን ተዘፈነ፤ ንግግር ተደረገ። አባቴ አልመጣም። የትምህርት ቤቱ አጥር የሽቦ ነበርና ዞር ስል ሰማያዊዋ ፊያት ታየችኝ። አባቴ ውስጧ ተቀምጧል። ሞተሩ እንደጠፋ ነው፤ ሁለቱም እጆቹ ግን መሪው ላይ ናቸው። ፊቱ ወደ ድንኳኑ ነው።

የክፍላችን ተሸላሚዎች ሲጠሩ አንደኛ የወጣው ልጅ ከአባቱ ጋር ሄዶ ተቀበለ። ሁለተኛ እኔ ነበርኩ። ስወጣ ርዕሰ መምህሩ በማይክሮፎን «የማስተዋል ወላጅ» ብለው ጠሩ። ማንም አልተነሳም። «የማስተዋል ወላጅ አልመጡም?» አሉ፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው።

ድምፁ እስከ ውጭ ድረስ ይሰማል። አባቴ ሰምቶታል። ከመድረኩ ሆኜ ኮቱ ይታየኛል። እጄን ባነሳ፣ «አባዬ» ብዬ አንድ ጊዜ ብጠራው በሩን ከፍቶ ይመጣ ነበር። ሄለን ከተማሪዎቹ ተለይታ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ እናቷ አጠገብ ሆና ታየኛለች።

«አልመጣም» አልኩ።

የሄለን እናት አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ተነስተው መጡና ትከሻዬን አቅፈው አብረውኝ ቆሙ። ሽልማቱ ስድስት ደብተርና መዝገበ ቃላት ነበር። ሰው አጨበጨበ። ሽቶአቸው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ሲያልቅ ሰው እስኪበተን ሽንት ቤቱ ጀርባ ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። አባቴ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠው።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«ሁለተኛ።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አለ። መጽሐፉን እየመለሰልኝ «ወንበር ይሞላል ብዬ እዚሁ ሆንኩ» አለኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሕፃኑን እያጠባች፣ ፊቷ እየበራ፣ «ስትሸለም አጨበጨብክላት?» ብላ ጠየቀችው።

«እጄ እስኪቃጠል!» አላት።

ያን ቀን እናቴ ያሠራችልኝን ዶሮ ወጥ ሳልቀምሰው ከገበታው ተነሳሁ። ደስታ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ትምህርት ቤቴ ግቢ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በየቀኑ ያደርሰኛል፤ ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎቹ ዘንድ ያወርደኛል። እኔ አልጠየቅኩትም። አልከለከልኩትምም። ሄለን በሁለተኛው ዓመት አባቷ ተዛውሮ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች አላውቅም። ያን ሁሉ ያደረግኩላት ልጅ መልኳ እንኳ በደንብ አይታወሰኝም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ደጀን ላይ ለምሳ ቆመ። ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎን ፎጣ የጠመጠመ አጭር ሰው ጎማ ሲመታ አየሁ። ሸብቷል። ሄጄ ስስመው አቅፎ አላስተነፍስ አለኝ፤ ምሳዬንም ከፈለልኝ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ልሳፈር ስል እየሳቀ፣ «ሹፌራችሁስ ደህና ነው?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለእሱ ቀልድ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አውቶቡሱ ሲነሳ ግን በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ የዓባይን ቁልቁለት ሳላየው ወረድኩት።

አሁን እኔም ማርቆስ ውስጥ ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። በቅርቡ እኔና ባለቤቴ ሰፊውን መኪናችንን ሸጠን ትንሽ ገዛን፤ የነዳጁ ሰልፍም ዋጋውም የሚያላውስ አልሆነም። የቢሮ ባልደረቦቼ «ደግ አደረጋችሁ» አሉን እንጂ ማንም አልሳቀብንም። ዛሬ ሰው ከየትኛው መኪና ወረደ ብሎ የሚያይ ያለ አይመስለኝም፤ ወይም እኔ ማየት ትቻለሁ።

አባቴ አርጅቷል። ዓይኑ ስለደከመ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወስጄው ስንመለስ ዝናብ ያዘንና መንገድ ዳር አቁሜ እስኪያባራ ጠበቅን። ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገርኩት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያልኩትን ነገርኩት።

ሳቀ። «ሦስቴ ሞተር ያጠፋን ሰው ሹፌር ብለሽ! ይበልጣል እስኪሄድ ድረስ ሲስቅብኝ ነበር እኮ» አለኝ።

«የወላጆች ቀንስ፣ አባዬ?» አልኩት። «ርዕሰ መምህሩ ሲጠሩህ ሰምተህ ነበር?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እሱን እንኳ ተይው» አለኝ።

ተውኩት። ያን ጊዜ በመካከላችን የነበረው አንድ የሽቦ አጥር ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ብጠራው ከተፍ ይል ነበር። አሁን ትከሻው ትከሻዬን እየነካ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ብጠራው ግን ወደዚያ ቀን መጥቶ አጠገቤ አይቆምም። ዝናቡ ሲያባራ ሞተሩን አስነሳሁ።